ያልተቀመሰው ቅቤ

መስከረም 26፣ ሰኞ
ግፊት 138/86

ይህን ደብተር ልጄ ሔርሜላ የሰጠችኝ የደም ግፊቴን እንድጽፍበት ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ እየለካሽ መዝግቢ ብሎኛል። እሷ ደግሞ «ቁጥር ብቻ አይደለም ማሚ፣ ምን እንደሚሰማሽም ጻፊ» አለችኝ። ምን ይሰማኛል? ደህና ነኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ የራሴ ሱቅ አለኝ፤ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

ዛሬ የጽጌ ጾም ገባ። የፈቃድ ጾም ነው፣ ማንም አያስገድድም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግን አንድም ዓመት አልዘለልኩም። አርባ ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። የለም የምለው ለአፌ ነው። ለሱቁማ የቅቤ ወቅት ገና ዛሬ ጀመረ።

ምክንያቱ ፓቢትራ ዲዲ ናቸው። ከሱቄ ጀርባ ባለው አፓርትመንት ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከቡታን ተሰደው፣ ኔፓል ካምፕ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረው ነው እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ የገቡት። ሃይማኖታቸው ሂንዱ ነው። «ዲዲ» በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኔን «ባሂኒ» ይሉኛል፣ ታናሽ እህት። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የባሰ ነው፤ የእኔም አያስመሰግንም፤ ለዚህ ይመስለኛል በደንብ የምንግባባው። እዚህ ላይ የምጽፈው ንግግራቸውን እኔ በገባኝ መጠን ነው።

የተዋወቅነው በበሶብላ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሱቅ ገብተው የደረቀ በሶብላ በፌስታል ተሰቅሎ ሲያዩ ደነገጡ። አሸተቱት፤ ግንባራቸውን አስነኩት። እነሱ በየበረንዳቸው ተክለው የሚሰግዱለት ቅጠል እህት ነው አሉኝ። «ይህን በኪሎ ትሸጫለሽ?» አሉ። «በግማሽ ኪሎም አለ» አልኳቸው። ሳቁና ደንበኛ ሆኑ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ
ግፊት 137/85

የዲዲ ወር ዛሬ ማታ ይጀምራል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ፣ በየምሽቱ በቅቤ የሚበራ የሸክላ መብራት ለአምላካቸው ያበራሉ፤ ያበሰሉትንም መጀመሪያ ለእሱ ያቀርባሉ። የጸሎት ክፍላቸው ያው የአፓርትመንቱ ሳሎን ነው። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ቅቤውን ለሁሉም የማነጥረው እኔ ነኝ፤ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት እንዳይነካው። ሁለተኛ፣ ሳይቀርብ ማንም እንዳይቀምሰው። አምና ይህን ሲነግሩኝ «ቀምሰሽ ካቀረብሽ ትርፍራፊ ሰጠሽው ማለት ነው» አሉ። «ስለ እኔ አይስጉ፣ ጾመኛ ነኝ፤ ብፈልግም አልቀምስ» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚህ የተሻለ ቅቤ አንጣሪ ከየት ያገኛሉ!

ዘንድሮ ዲዲ ስእለት አለባቸው። ምራታቸው ባሏንና ልጆቹን ይዛ ወደ ኦሃዮ ሄደች። ሳትጠይቃቸው፣ ሳታማክራቸው፣ በሁለት ሳምንት። «ልቤ ውስጥ ድንጋይ አለ» ይላሉ። በዚህ ወር ቁጣውን ሊጥሉ ነው ስእለቱ። ለአምላክ የሚሰጥ አበባ ሁሉ ከገበያ አይገኝም አሉኝ፤ ልብ ውስጥ የሚበቅሉ ስምንት አበቦች አሉ። በጣታቸው ቆጠሩልኝ፦ ሰውን አለመጉዳት፣ ራስን መግዛት፣ ርኅራኄ፣ ትዕግሥት፣ እርጋታ፣ ትጋት፣ አምላክን ማሰብ፣ እውነት። በየምሽቱ አንድ እውነተኛ አበባ ሲያስቀምጡ ከስምንቱ አንዱን ያስባሉ።

የእኛም ወር የአበባ ወር ነው አልኳቸው። እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት። «ስደት?» አሉ። «ስደት» አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ
ግፊት 139/86

ሰው በሰው ላይ። ጤፍ ገባ፣ ስልክ አላቆም አለ። የዲዲን ቅቤ በመሃል አነጠርኩ። እጄ ሳተ፤ ወዲያው አስተካከልኩት። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ወጣ፤ ሁሉም ሄደ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ
ግፊት 144/88

የትናንቱን በችኮላ ጻፍኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅቤ ስናነጥር መጀመሪያ የተፈጨ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጣል እናደርጋለን፤ ቀጥሎ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት ይመጣል። ይህን ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ትናንት ቅቤው አረፋ ሲያወጣ በስልክ ከጤፍ አምጪው ጋር እየተከራከርኩ ነበር። እጄ ወደ ሳህኑ ሄደ። ጣል አደረገ። ያየሁት ከገባ በኋላ ነው።

ወዲያው በጭልፋ አወጣሁት። ሦስት ጊዜ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። ጠራ። የእኔ ስህተት ሊባል አይችልም፤ የእጄ ነው። ሌላ ለማንጠር ቅቤ አልነበረኝም፤ የዲዲ ሰዎችም ቅቤውን ሊወስዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሽታ የለውም። የገባው ወጥቷል፤ የወጣ ነገር ደግሞ የለም ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጣሁ። ማኅሌቱ ያማረ ነበር።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
ግፊት 146/90

እንዳሻው ታክሲውን ከደጅ ፓርክ አድርጎ ገባ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚህ መጥቶ በሰው ጉዳይ ይገባል። ከቅዳሜው ቅቤ ድስቱ ሥር የቀረች ትንሽ በስኒ ነበረችኝ። እንዲያው ለመሞከር ያህል አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«ምን ይሸታል?»

«ቅቤ ነዋ እትዬ ውድነሽ። ቅቤ ቅቤ ይሸታል።»

«ሌላስ?»

ደግሞ አሸተተ። ዓይኑን ጨፈነ። «ትንሽ ቁሌት ቁሌት ይላል። ምነው፣ ዶሮ ልትሠሪ ነው? በጾም?»

እንዳሻው በቀን አንድ ፓኬት ያጨሳል። የአጫሽ አፍንጫ ምን ያውቃል። በዚያ ላይ ኮልፋክስ ዘንድሮ በየማዕዘኑ አረንጓዴ መስቀል የሰቀሉ፣ ማሪዋና የሚሸጡ የሣር ሱቆች ተከፍተው መንገዱ ሁሉ አንድ ሽታ ሆኗል። ማሽተት የሚችል ሰው የት አለ?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ግፊት 149/90

ዲዲ መጡ። መቁጠሪያቸውን በጨርቅ ከረጢት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተው እየቆጠሩ ነው ምስር የሚመርጡት። መብራቱ ዘንድሮ ጸጥ ብሎ ይነዳል አሉ። ምርቃት አዘነቡልኝ።

«አንቺስ?» አሉ። «ወርሽ የአበባ ነው ብለሽኛል። ከስምንቱ የትኛውን ያዝሽ?»

አስቤበት አላውቅም። «ትዕግሥት» አልኳቸው። ሃያ ዓመት ከደንበኛ ጋር የኖርኩ ሴት ትዕግሥት አያንሰኝም።

ሳቁብኝ። «ባሂኒ፣ መደርደሪያሽ ላይ ሞልቶ የተረፈውን ዕቃ ደግመሽ ታዥያለሽ? ያለቀብሽን እዘዢ እንጂ።»

ነጋዴ መሆን የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ግፊት 151/92

ሁለት ሴቶች በርበሬ እየመረጡ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ ከኋላ መደርደሪያው ጋ ነበርኩ፤ አላዩኝም።

«ስምረት ጋ ምሳ እንብላ?»

«ቀስ በይ፣ እዚህ ስሟ አይጠራም። ውድነሽ ትሰማሻለች።»

«እስከ አሁን? ለአንድ ሽሮ?»

ለአንድ ሽሮ አይደለም። ስምረትና እኔ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተናል። ሌሊት በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ሆቴል ለማጽዳት አብረን ሄደናል። ሔርሜላን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ምግብ ቤቷን በከፈተች ሰሞን፣ በፍልሰታ ሽሮ አቀረበችልኝ። ጠርጌ በላሁ። ቅቤ ነበረበት። እንዴት እንዳወቅሁ አሁን ምን ያደርጋል። በፍልሰታ አስገደፈችኝ። ከዚያ ወዲህ የእሷ ምግብ ቤት ያለበትን የመንገድ ዳር አልረግጥም።

የሰው ጾም የሰው ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ግፊት 155/94

ዛሬ የእነ ዲዲ ትልቁ የመብራት በዓል ነው። ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ሄድኩ። እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል።

ከደጅ ጀምሮ እስከ ሳሎን በሸክላ መብራት ተሞልቷል። ጫማዬን አውልቄ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። በጸሎታቸው አልገባሁም፤ እነሱም አልጠበቁብኝም። ነበልባሉን ግን አየሁት። የእኔ ቅቤ ነው። ጸጥ ብሎ ይነዳል፣ እውነታቸውን ነው። ዲዲ ብርቱካናማ አበባ አስቀምጠው ብዙ ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ምራታቸውን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ ምግቡ መጣ። በየሳህኑ ሩዝ፣ ምስር፣ ጣፋጭ ነገር። ለአምላካቸው የቀረበ ነው። እኔ አልበላውም፤ ጾሙም አለ፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድም። ሳላስቀይማቸው እንዴት እንደምመልስ ሳሰላስል ዲዲ ሌላ ሳህን ይዘው ከማድ ቤት ወጡ። ሩዝና ድንች ነው።

«ይህ ያንቺ ነው» አሉ። «ለአምላክ አልቀረበም፤ የቀረበ እንደማትበዪ አውቃለሁ። ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ በዘይት ነው። ባለታክሲውን ጠይቄዋለሁ፤ ዘይት ይፈቀዳል ብሎኛል። የእኛ ድስት ሁሉ ቅቤ ነክቶት ስለሚያውቅ አዲስ ገዛሁ። ማንኪያውም አዲስ ነው።»

ወደ ማድ ቤቱ አየሁ። ድስቱ ምድጃው ላይ ነበር። ከጎኑ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም።

በላሁ። ጨረስኩት። ምን ዓይነት ጣዕም እንደነበረው ብጠየቅ መናገር አልችልም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ግፊት 160/96

የዋጋ ወረቀት። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ላይ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ግፊት 158/95

ለነገሩ መፍትሔ አገኘሁ። ማለዳ ተነስቼ አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ጨርቅ ገዛሁ። ስልኬን ዘጋሁ። ሽንኩርቱን በሙሉ ከማድ ቤት አውጥቼ መኪና ውስጥ አስቀመጥኩ። በንጹሕ አነጠርኩ። ጠርሙሶቹን ይዤ ዲዲ ጋ ሄድኩና የቀደመው ቅቤ ቀኑ ያለፈበት ሳይሆን አይቀርም፣ ልቀይርልዎ አልኳቸው።

«ምን ሆነ? ደህና ነው እኮ።»

«ለጥንቃቄ ነው።»

ሦስት ጠርሙስ ቀርቷቸው ነበር። ሰበሰብኩ። ግንባሬን ሳሙኝ። «እንዲህ ያለ ነጋዴ የለም» አሉ።

አሁን ነገሩ አልቋል። የሚቀረው ወር በንጹሕ ቅቤ ነው። ማንም አልተጎዳም። ጥሩ ነጋዴ የተበላሸ ዕቃ ይመልሳል፤ መለስኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ
ግፊት 162/97

ሔርሜላ ለበዓል ልብስ ስትፈልግ ጋራዥ ገባችና በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ጠርሙሶች ይዛ ወጣች።

«ማሚ፣ ቅቤ ለምን ከክረምት ጎማ ጋር ትደብቂያለሽ?»

«አልደበቅሁም። አስቀመጥኩ።»

ከፈተች። አሸተተች። ነርስነት እየተማረች ነው፤ እንደ እንዳሻው አታጨስም። «ዚስ ሃዝ ጋርሊክ» አለች፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሸቷታል። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ በእጄ የጻፍኩትን አነበበች፦ ዲዲ። ጥቅምት 1።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ዳዝ ሺ ኖው? ዲዲ ያውቃሉ?»

«ቀይሬላቸዋለሁ።»

«ማሚ፣ አልጠየቅሁሽም እሱን።»

የአሜሪካ ልጅ እናቷን እንዲህ ታናግራለች። ጠርሙሶቹን ተቀብያት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ቆይቼ መልሼ አወጣኋቸው። ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
ግፊት 161/97

ዛሬ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ትርፍ ተሰጠኝ፤ ምን እንደማደርግበት ስላጣሁ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ስለ ስምረት የጻፍኩትን አነበብኩት። ያጎደልኩት አለ። ቅቤ እንደነበረበት እንዴት እንዳወቅሁ አልጻፍኩም። ራሷ ነች የነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ መጣች፤ ገና በሩን ሳልከፍት። ዓይኗ አብጦ ነበር። «ውዴ፣ የትናንቱ ሽሮ ቅቤ ነበረበት። ለሌላ ደንበኛ ስሠራ እጄ ለምዶ ጠብ አደረገ፤ ሳይሽ ልነግርሽ ነበር፣ በጣፈጠሽ ጊዜ አቃተኝ። እጄ ነው» አለችኝ።

«እጅሽ የማን ነው?» አልኳት። በሩን ዘጋሁባት።

ባትነግረኝ በፍጹም አላውቅም ነበር።

እሷ አንድ ሌሊት ነው ያደረችበት።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ
ግፊት 157/95

ነገርኳቸው።

ዲዲ ለመዝጊያው ቀን ምስርና እርድ ሊገዙ መጡ። ሱቁ ባዶ ነበር። ለማሳመር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሲመጡ ጠፋኝ። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ «ሽንኩርት አለበት» አልኩ። «ሁለቱም ዓይነት። በስህተት ገባ። ከዚያ እያወቅሁ ሰጠሁዎት። የቀየርኩልዎት ለዚህ ነው፤ ስለ ቀኑ የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

ከረጢቱ ውስጥ ያለው እጃቸው መቁጠሩን አቆመ።

«ከስንት ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እስክቀይርልዎት ድረስ።»

በቋንቋቸው ቆጠሩ። ጣታቸውን አየሁ። «አሥራ አራት ምሽት» አሉ። «የመብራቱ በዓልም አለበት።»

«አለበት።»

ምስሩን መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ ፌስታሉን ሳያጎሳቁሉ፣ በነበረበት ቦታ። ወጡ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ
ግፊት 150/91

መድኃኔዓለም ነው፤ ጠዋት ቅዳሴ አስቀደስኩ። ማታ ሙሉ ጨረቃ ይወጣል፤ የእነ ዲዲ ወር ዛሬ ይዘጋል። ለዛሬ ከእኔ የታዘዘ ቅቤ የለም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጨረቃዋ ከምሥራቅ በኩል፣ ከጎማ ቤቱ ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል አየኋት። ዲዲም በመስኮታቸው እያዩዋት ይሆናል። ስእለታቸውን እኔ ሰብሬባቸዋለሁ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ጻፍኩት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ
ግፊት 147/90

ከእነ ዲዲ ሰዎች፣ ሰፈሩ ኔፓሎቹ ከሚላቸው፣ አንድም ሰው አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን የሚሞሉት እነሱ ነበሩ። እንዳሻው «ጎረቤቶችሽ ምን ነካቸው?» አለ። ነገርኩት። ከዚህ በፊት አንድም ምስጢር ነግሬው አላውቅም።

«ታዲያ ማን ዐወቀብሽ?» አለ።

«ማንም።»

«ማንም ሳያውቅብሽ ነው ሄደሽ የተናገርሽው?» አጨብጭቦ ሳቀ። «እትዬ ውድነሽ፣ አረጀሽ!»

ከዚያ ደግሞ ሳቁን አቁሞ፣ «ቁሌት ቁሌት ይላል ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ
ግፊት 145/88

ጠዋት በሹራብ ነበር የወጣሁት። ስድስት ሰዓት ላይ ከሰሜን ነፋስ ተነሳ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማዩ ግራጫ ሆነ፣ ብርዱ ጥርስ አወጣ። ኮልፋክስ ላይ ሰው እየሮጠ ወደየቤቱ ገባ። ዛሬ ማንም አይመጣም ብዬ መብራት ላጠፋ ስል በሩ ተከፈተ።

ዲዲ ናቸው። የወንድ ካፖርት ለብሰው፣ ፎጣ ተከናንበው፣ የተጫነ ጋሪ እየጎተቱ። ጋሪው ውስጥ የቀድሞውም የአዲሱም ቅቤ አሥራ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች አሉ፤ ታጥበው፣ ደርቀው። ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። ከዚያ ጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ሦስት ቀን ተቆጣሁሽ» አሉ። «አራተኛውንም ጨምሪ። ወሩን ሙሉ የምራቴን ድንጋይ ለመጣል ስታገል ከርሜ፣ ያንቺን አነሳሁ። ተሸክሜው ዞርኩ። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። ትናንት ኦሃዮ ደወልኩ።»

«ለምራትዎ?»

«ሁለት ድንጋይ ለመሸከም አርጅቻለሁ። አንዱን መጣል ነበረብኝ። የእሷ አሮጌ ነው፤ እሱን ጣልኩ። ሽንኩርት የሌለበት ምስር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። አለቀሰች። እኔም።»

ሻይ ልቅዳልዎ አልኩ። እጃቸውን አወናጨፉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር። የነገርሽኝ ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ ራስሽ?»

«ስለ እርስዎ» ልላቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ መልስ የሄደ ደንበኛ ይመልሳል።

«ስለ ራሴ ነው» አልኩ። «አልቻልኩም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ደህና» አሉ። «ቢያንስ ይኼኛው ሽንኩርት የለበትም።»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ተነስተው ፎጣቸውን አጠበቁ። ወሩ አልፏል፣ መብራት ግን መብራት ነው አሉ፤ አሥራ አራቱን ምሽት ከዛሬ ጀምረው ደግመው ያበራሉ። ቅቤውን እኔ አነጥራለሁ። «እዚህ ቆሜ እያየሁሽ ነው የምታነጥሪው» አሉ። «ትቀየሚያለሽ?»

«አልቀየምም።»

«ብትቀየሚም አያለሁ።»

አዲሱን ድስት አወጣሁ። ሽንኩርቱን ወደ መኪና ልወስድ ስል ብርዱን አይተው «ተይው፣ ይኸው እኔ አለሁ» አሉና የሽንኩርቱን ሳህን አንስተው ጥግ አስቀምጠው፣ በእኔና በእሱ መሃል ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ግፊት 139/86

ከዜሮ በታች ነው፤ አስፋልቱ መስታወት ሆኗል። ዲዲ ግን መጡ። እኔ አነጥራለሁ፣ እሳቸው ጆንያው ላይ ሆነው ይቆጥራሉ። አረፋው ሲነሳ እጄ አሁንም ወደ ግራ ሊሄድ ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት ቀላል አይደለም። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እጄ ይመለሳል።

«እውነት የሚባለው አበባ ክረምት ላይም ይበቅላል?» አልኳቸው።

«አንቺ ዝም ብለሽ አማስዪ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ኔፓሎች ሩዝ ሊገዙ ገቡ። ዲዲ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ሲሏቸው ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ግፊት፦ ሳልለካ ወጣሁ

ቁስቋም። ጾሙ ወጣ። ከቅዳሴ በኋላ ሔርሜላ ወደ ሱቅ ልታደርሰኝ ስትል «በዚያኛው የመንገድ ዳር አቁሚኝ» አልኳት። አየችኝ። አቆመችልኝ።

የስምረት ምግብ ቤት ከውጭ ሳየው ከማስታውሰው ያንሳል። መጋረጃው ተቀይሯል። ውስጥ ሦስት ሰዎች ኳስ ያያሉ። እሷ ባንኮኒው ጀርባ ሂሳብ ማሽኑን እየወለወለች ነበር። ጸጉሯ ከፊት ነጥቷል፤ ሳላያት ነጣ። ቀና ስትል ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም።

ቁጭ አልኩ። ወንበሩ ከአንድ በኩል ይወዛወዛል።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

«ሽሮ።»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ያልወሰነ ከንፈር ነው፤ ከድሮም አውቀዋለሁ።

«በዘይት ነው በቅቤ?»

«ዛሬ ቁስቋም ነው። በቅቤ።»

«ምን ያህል ላድርግበት?»

«እጅሽ እንዳለሽ» አልኳት።